ጎንደር ስንት ሰው አላት? ቆጠራ ሲጠፋ ሞዴል ምን ይሠራል

ጎንደር ከተማ ውስጥ ዛሬ ስንት ሰው ይኖራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን እንደምትጠይቁት ሰው ይለያያል። ክትባት የሚያቅደው አንድ ቁጥር ይዟል። ውሃ የሚያቅደው ሌላ። ቀበሌ ብትሄዱ ሦስተኛ ቁጥር ይሰጣችኋል።

ቤት ለቤት ተዙሮ የተገኘው የመጨረሻ ቁጥር 207,044 ነው፤ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ውጤት። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ 112,249 ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ ነበረበት። ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከተማዋ በዓመት 5 በመቶ ገደማ አድጋለች። ይኸው ፍጥነት ሳይቋረጥ ቀጥሏል ካልን፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ 510 ሺህ ገደማ ደርሳለች። የለም፣ ፍጥነቱ ወደ 3 በመቶ ወርዷል ካልን ደግሞ 360 ሺህ ገደማ ነው። የ150 ሺህ ሰው ልዩነት! ያውም የከተማዋ ወሰን መስፋቱን ሳንቆጥር።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። ከሕዝቡ 3 በመቶው ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ነው ብለን ለምሳሌ ያህል እንያዝ። በዓመቱ 11 ሺህ ሕፃናት ተከተቡ እንበል። ከተማዋ 360 ሺህ ሰው ካላት ሽፋኑ 102 በመቶ ነው፤ ጭብጨባ ይገባዋል። 510 ሺህ ካላት ግን 72 በመቶ ነው። ከአራት ሕፃናት አንዱ ቀርቷል ማለት ነው። መርፌው ያው፣ ሕፃናቱም እነዚያው ናቸው። በሪፖርት ላይ «ዕቅዱ ከ100 በመቶ በላይ ተከናወነ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ከታች ያለው አካፋይ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚያነሱት አንድ መንገድ አለ። ቤይዚያን ሞዴል ይባላል፤ አስቀድመን የምናውቀውን ከአዲስ መረጃ ጋር መዝኖ ግምት የሚያወጣ የሒሳብ ዘዴ ነው። ካምፓስ አካባቢ ያለ ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላይ ከወጣ ቆይቷል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። አንድ ተማሪ በላፕቶፑ ሊሠራው ይችላል። የኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ እየቀለለ በሄደ ቁጥር ከባዱ ነገር ይረሳል። ከባዱ ነገር ደግሞ ለሞዴሉ አስቀድመን የምንነግረው ነው። ለጎንደር የምንነግረው በሰላም ጊዜ የተለካ ከሆነ፣ ሞዴሉ ያለፉትን ዓመታት መከራ አለሳልሶ ያጠፋልናል።

መጀመሪያ ግን አሠራሩን እንይ።

በገጠር ለሥነ ሕዝብ ጥናት የወጣ ሰው የሚገጥመው ነገር አለ። እናቲቱን «ልጅሽ መቼ ተወለደች?» ይላታል። «በዘመነ ሉቃስ» ትለዋለች። ዓመተ ምሕረቱን አታውቀውም። ወንጌላዊውን ግን ታውቃለች። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ 1987፣ 1991፣ 1995፣ 1999 እያለ ይሄዳል። ልጅቷ አግብታ መተማ ሄዳለች እንበል። አይቶ መገመት አይቻልም። እናት ትቀጥላለች፤ «ትምህርት ቤት የገባችው ከምርጫ 97 በኋላ በመጣው መስከረም ነው።» እሺ፣ 1995 እና 1999 ወደቁ። የቀሩት 1991 እና 1987 ናቸው። በመጀመሪያው ከሆነ አንደኛ ክፍል የገባችው በ7 ዓመቷ ገደማ ነው። በሁለተኛው ከሆነ በ11 ዓመቷ ገደማ። በዚያን ጊዜ ገጠር ሁለቱም ያጋጥማል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቤይዚያን ሒሳብ ነው። ለሁለቱ ዓመታት እኩል ዕድል ሰጥተን እንጀምር። በዚያ አገር በ7 ዓመቱ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ከ100 ውስጥ 30፣ በ11 ዓመቱ የሚጀምር 10 ነው እንበል። ሚዛኑ ሦስት ለአንድ ሆነ። 1991 የመሆኑ ዕድል 75 በመቶ ደረሰ። እናት ደግሞ ጨመረች፤ «እኔ ያገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። እሷ ሦስተኛዬ ናት።» በ1984 ዓ.ም. ያገባች ሴት በ1987 ሦስተኛ ልጅ መውለዷ ሊሆን ይችላል፤ ግን ብርቅ ነው። ከ100 ሴቶች 5 እንበል። በ1991 ሦስተኛዋን መውለዷ ግን የተለመደ ነው፤ ከ100 ውስጥ 30 እንበል። ይህ ማስረጃ ስድስት ለአንድ ይመዝናል። ሦስት በስድስት ሲባዛ 18 ለአንድ። አሁን 1991 የመሆኑ ዕድል ወደ 95 በመቶ ተጠጋ። ልጅቷ 27 ዓመቷ ነው።

ጠያቂው ቸኩሎ ቢሆን ምን ይጽፍ ነበር? «30»። በየዳሰሳው የዕድሜ ሰንጠረዥ ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰው የሚከመረው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገርመው 30 የትኛውንም አይሆንም። በ2018 ዓ.ም. 30 ዓመት የሞላው ሰው የተወለደው በ1988 ነው፤ ያ ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነው። እናትየዋ የሰጠችው መረጃ ከጠያቂው ክብ ቁጥር የተሻለ ነበር። ብቻ የሚመዝነው አላገኘም።

ነገሩ ይኸው ነው። አስቀድመን የምናውቀውን በዕድል መልክ እንጽፋለን፤ ይህ ቅድመ ግምት ነው፣ ተማሪዎች ፕራየር የሚሉት። መረጃ ሲመጣ በየአማራጩ ምን ያህል እንደሚጠበቅ እንመዝናለን። አባዝተን አዲስ ግምት እናወጣለን። የሚወጣው አንድ ቁጥር ሳይሆን የዕድል ክፍፍል ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ቶማስ ቤይዝ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። በ1761 (እ.ኤ.አ.) ሲሞት ጽሑፉ ሳይታተም ቀርቶ ነበር። በ1763 ለኅትመት ያበቃው ሪቻርድ ፕራይስ ነው፤ ለመድን ሥራ የዕድሜና የሞት ሰንጠረዥ ያዘጋጅ የነበረ ሰው። ትልቁን ሥራ የሠራው ግን ፈረንሳዊው ላፕላስ ነው። ያነሣው ጥያቄ ንጹሕ የሥነ ሕዝብ ጥያቄ ነበር። ከ1745 እስከ 1770 በፓሪስ 251,527 ወንዶችና 241,945 ሴቶች ተወልደዋል። ወንድ የመወለድ ዕድል በእርግጥ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ አጋጣሚ ነው? ላፕላስ አሰላው። አጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ስለዚህ ቤይዝንና የሕዝብ ቁጥርን ያገናኘው የዛሬ ኮምፒውተር አይደለም።

አሁን ወደ ቀበሌ እንውረድ። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር ደረጃ ከ1,000 ሕፃናት 67ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። በአማራ ክልል 85 ነበር። ዳሰሳው የተነደፈው ለክልል ነው። 645 የቆጠራ ቦታዎች በመላ አገሪቱ ተመርጠዋል። ከዚያ ውስጥ አንድ ወረዳ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ምንም የማይደርሰውም አለ። ወረዳና ቀበሌ የሚያቅደው ሰው ግን የሚፈልገው የራሱን ቁጥር ነው።

ሁለት ቀበሌዎች አሉ እንበል። በእያንዳንዳቸው የ20 ሕፃናት መረጃ ተገኘ። በአንዱ የሞተ የለም። በሌላው 4 ሞተዋል። በጥሬው ብናሰላ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው ከ1,000 ሕፃናት 200 ይሆናል። ሁለቱም የማይታመን ነው። አንድም ሕፃን የማይሞትበት ቀበሌ የለም። በሃያ ሕፃናት ላይ ተመሥርቶ አንዱን ቀበሌ ገነት፣ ሌላውን ሲኦል ማለት አይቻልም።

ቤይዚያን ሞዴል እንዲህ ይላል። የክልሉን 85 እናውቃለን፤ የ100 ሕፃናት መረጃ ያህል ክብደት እንስጠው። ከዚያ የቀበሌውን 20 እንጨምር። የመጀመሪያው ቀበሌ ከዜሮ ወደ 71 ይወጣል። ሁለተኛው ከ200 ወደ 104 ይወርዳል። ለመጀመሪያው የግምቱ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር በ90 በመቶ ዕድል የሚገኝበት ስፋት፣ ከ40 እስከ 110 አካባቢ ነው። ሰፊ ነው፤ መስፋቱ ግን እውነት ነው። በሌላ ቀበሌ 1,000 ሕፃናት ታይተው 40 ሞተው ከሆነ ደግሞ ግምቱ 44 ይሆናል። የራሱ መረጃ ስለበዛ ክልሉ ብዙም አይጎትተውም። ትንሽ መረጃ ያለው ከጎረቤት ይበደራል። ብዙ ያለው በራሱ ይቆማል። እኔ በዚህ ዘዴ የምወደው ይህን ነው።

የ100 ሕፃናት ክብደት ያልኩት ግን ከየት መጣ? እኔ ነኝ ያመጣሁት። 10 ወይም 1,000 ብል ሌላ መልስ ይመጣ ነበር። ደኅና የተሠራ ሞዴል ይህን ክብደት ራሱ ከመረጃው እንዲማር ያደርጋል፤ ቀበሌዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ አይቶ። እሱም ቢሆን ቀበሌዎቹ ብዙ ሲሆኑ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ከቀበሌ አልፎ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወረዳና ዓመት ሲደራረብ በወረቀት ማባዛት አይቻልም። እዚህ ላይ ሶፍትዌር ገባ። መሠረቱን የጣለው በ1953 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ሰዎች ያወጡት ዘዴ ነው። ማርኮቭ ቼይን ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ ስሙ ከሥራው ይከብዳል። በጭጋግ ቀን ሰሜን ተራራ ላይ የሚሄድ ሰው አስቡ። ተራራው የዕድል ክፍፍሉ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ማለት ዕድሉ የበዛ ግምት ነው። ተራራውን በሙሉ አያየውም። አንድ እርምጃ ይሞክራል፤ ከፍ ካለ ይሄዳል፣ ዝቅ ካለ አንዳንዴ ብቻ ይሄዳል። ብዙ ከተጓዘ በኋላ የቆመባቸውን ቦታዎች ብትሰበስቡ የተራራው ቅርጽ ይወጣል። አንዱ ሊሳሳት ስለሚችል አራት ሰው ከአራት ቦታ ይላካል፤ አንዱ ከሳንቃበር፣ አንዱ ከግጭ፣ አንዱ ከጨነቅ፣ አንዱ ከደባርቅ። አራቱም አንድ ዓይነት ተራራ ካወሩ እንደሚስማሙ እንይዛለን። ስምምነታቸውን የሚለካው ቁጥር አር-ሃት ይባላል። ከ1.01 በላይ ከሆነ ውጤቱን አትመኑት።

ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው። በግስ (BUGS) የሚባለው በካምብሪጅ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። ጃግስ ተከተለ። ዛሬ ብዙው ሰው የሚጠቀመው በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ስታንን ነው። አራቱን መንገደኞች ሳትጠይቁት ይልካል። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚወድ ፓይኤምሲ አለ። አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ለሚያውቅ ደግሞ ቢአርኤምኤስ የሚባል ፓኬጅ (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለ፤ አንድ መስመር ቀመር ይቀበልና የስታኑን ኮድ ራሱ ይጽፋል። የተባበሩት መንግሥታት የአገሮችን የወሊድ መጠን የሚተነብይበት ፓኬጅም፣ ቤይዝቲኤፍአር የሚባለው፣ ለማንም ክፍት ነው። ኢንላ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። መንገደኛ አይልክም፤ ቅርጹን በሒሳብ ይጠጋዋል። ስታን ሌሊቱን የሚፈጀውን ሞዴል ኢንላ በደቂቃዎች ሊጨርሰው ይችላል።

እኛ አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሞዴል ማለት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ማለት ነው። ፓኬጅ ማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፓኬጅ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስታን በዊንዶውስ ላይ እንዲሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያ መጫን አለበት፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው። ኢንላም ከተለመደው የአር ማከማቻ አይገኝም፤ ከራሱ ገጽ መውረድ አለበት። ለዚህ ሁሉ ምክሬ አጭር ነው። በቦታ የሚለያይ የቀበሌ ወይም የወረዳ ካርታ የምትሠሩ ከሆነ በኢንላ ጀምሩ። የመረጃውን ስህተት ራሱን በሞዴል ለመጻፍ ከፈለጋችሁ ግን ወደ ስታን መሄድ አይቀርም።

የመረጃውን ስህተት በሞዴል መጻፍ ስል ምን ማለቴ ነው? ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚዘሉት ይህን ነው። የዳሰሳውን ፋይል ያወርዳሉ፤ ሞዴሉን ያስኬዳሉ፤ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። መረጃው ግን የራሱ ጠባይ አለው።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ የዳሰሳ ፋይሎች ቀኑ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሌሎች አገሮች ጋር ለማወዳደር 92 ወር መጨመር አለበት። ይህን የረሳ ሰው ልጆችን ሁሉ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ይወስዳቸዋል። ሶፍትዌሩ ምንም አይልም፤ አር-ሃትም 1.00 ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው የጠያቂ ድካም ነው። ለቅርብ ዓመታት ልጆች የሚጠየቀው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ክትባት፣ ተቅማጥ፣ ጡት ማጥባት። ስለዚህ ጠያቂው የልጁን የልደት ዓመት ዝርዝሩ ከሚጠየቅበት ገደብ ትንሽ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። በወረቀት ላይ የቅርብ ዓመታት ወሊድ ያነሰ ይመስላል፤ ወሊድ በድንገት የቀነሰ ይመስላል። የአማራ ክልል ወሊድ በእርግጥ ቀንሷል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ዳሰሳ አንዲት ሴት በአማካይ 5.9 ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2016 3.7 ሆኗል። ከዚህ ቅነሳ የተወሰነው ግን የጠያቂ ብዕር ሊሆን ይችላል። በቤይዚያን ሞዴል ይህን እንደ ራሱ ክፍል መጻፍ ይቻላል፤ «እውነተኛው ዓመት ይህ ነው፣ የተጻፈው ግን በዚህ ዕድል ወደዚያ ይገፋል» ብሎ።

ሦስተኛው ቦታ ነው። የተጠያቂዎችን ምስጢር ለመጠበቅ የዳሰሳ ቦታዎች በካርታ ላይ ሆን ተብለው ይንሸራተታሉ፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5፣ ጥቂቶቹም እስከ 10። ጎንደር ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ መሻገር ነው። በከተማዋ ቀበሌዎች ላይ ከዳሰሳ ብቻ የተሠራ ውብ ባለ ቀለም ካርታ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

እዚህ ላይ ጎንደር ያላትን ሀብት ማንሳት ይገባል። ከከተማዋ በስተ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳባት አለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየተከታተለ ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ ምክንያቱን ለመለየት ይሞክራል። እንዲህ ያለ መዝገብ በአገሪቱ ጥቂት ነው። ለሞዴል ሠሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ዳሰሳው እናትን አስታውሺ ይላታል፤ የዳባት መዝገብ ግን ነገሩ በተከሰተ ጊዜ አካባቢ ይጻፋል። ሁለቱን አንድ ሞዴል ውስጥ አስገብቶ የማስታወስ ስህተቱን መለካት ይቻላል። ዳባት መላ ጎንደርን አትወክልም፤ እውነት ነው። የስህተቱን መጠን ግን ታስተምራለች።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ እንመለስ። ሞዴሉ ከጎረቤትና ካለፈው ዓመት ይበደራል ብለናል። የሚበደረው ግን ነገ እንደ ትናንት ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ጎንደርና አካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያሳለፉትን አስቡ። የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ድረስ መጣ። ተፈናቃይ ወደ ከተማ ገባ። የኤርትራ ስደተኞች ዳባት ውስጥ ዓለምዋጭ በተባለ መጠለያ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ሲነድ ሰው በመተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ ካምፖች ተጠለለ። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ግጭት አለ። ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል።

በዚህ ላይ በ2016ቱ ዳሰሳ ተመሥርቶ ጠባብ ቅድመ ግምት የሰጠ ሰው ምን ያገኛል? በአንድ ወረዳ የሕፃናት ሞት በእጥፍ ጨምሮ ቢታይ፣ መረጃው ትንሽ ስለሆነ ሞዴሉ አያምነውም። ወደ ቀድሞው 85 ይጎትተዋል። መስመሩ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ሪፖርቱ «መጠነኛ ጭማሪ» ይላል። በዜሮና በ200 ቀበሌዎች ላይ ያደነቅነው ጠባይ እዚህ ጠላት ሆነ። ያኔ አጋጣሚን አለሰለሰልን፤ አሁን እውነተኛ ሞትን ያለሰልሳል።

የእናቲቱንም ምሳሌ ወደዛሬ አምጡት። በ7 ዓመት ትምህርት መጀመር ከ11 ዓመት ሦስት እጥፍ ይበልጣል ብለን ነበር። ዓመታት ተዘግቶ የቆየ ትምህርት ቤት ሲከፈት አንደኛ ክፍል የሚገባው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? ያ ሦስት ለአንድ ከእንግዲህ አይሠራም። በዛሬው አንደኛ ክፍል ዕድሜ የሚገምት ሰው ሒሳቡን ከሥሩ መጀመር አለበት።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ሞዴሉ ከዓመት ወደ ዓመት ምን ያህል መዝለል እንደሚፈቀድለት የሚወስን አንድ መለኪያ አለ። ለጦርነት ዓመታት ያን መለኪያ መክፈት፣ ድንገተኛ ዝላይን መፍቀድ ይቻላል። የዓለም የሕፃናት ሞት ግምቶች ሲዘጋጁም ጦርነትና ረሃብ ያመጣው ሞት ለብቻው ይታያል፤ በለስላሳው መስመር ውስጥ እንዲዋጥ አይተውም። ዋጋው የግምቱ ክልል በጣም መስፋቱ ነው። ሰፊ ክልል ለአለቃ ማቅረብ ደግሞ ያሳፍራል፤ «ምን ሠራህ ታዲያ?» ይባላል። ሰው ጠባቡን የሚመርጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ወሰንም ሌላ ራስ ምታት ነው። የ1999ኙ ቆጠራ ሰሜን ጎንደርን እንደ አንድ ዞን ነው የሚያውቀው፤ 2.9 ሚሊዮን ሰው ገደማ። ዛሬ ያ አካባቢ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ተከፍሏል። «ሰሜን ጎንደር» የሚለው ስም በሁለት ፋይል ውስጥ ሁለት የተለያየ አገር ነው። ስሙን አይቶ ያገናኘ ሰው በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሕዝብ የጠፋበት ዞን ያገኛል። ምዕራብ ጎንደር ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው። አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። በግንቦት የቆጠረና በጥቅምት የቆጠረ ሁለት የተለያየ መተማ ነው የሚያገኙት።

እንግዲህ በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ችግር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የ2024ቱ ትንበያ ለዚያ ዓመት ኢትዮጵያን 132 ሚሊዮን ገደማ ያደርጋታል። የአገር ውስጡ ይፋዊ ትንበያ ከ110 ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። የ20 ሚሊዮን ሰው ልዩነት! ሁለቱም ከአንድ የድሮ ቆጠራ ይነሣሉ፤ የሚለያዩት ያንን ቆጠራ ምን ያህል እንደሚያምኑትና ከዚያ ወዲህ ስላለው ወሊድና ሞት በሚይዙት ሐሳብ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ያለ አንባቢ የ1999ኙን ቆጠራ ክርክር ያስታውሳል። የክልሉ ሕዝብ ይጠበቅ ከነበረው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ወጣ። ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። መነሻው ራሱ ያከራከረ ቁጥር ላይ የቱንም ያህል የረቀቀ ሞዴል ብትደርቡ ክርክሩ አይጠፋም። ቤይዚያን ሞዴል ሊያደርግ የሚችለው መነሻውን እንደ እርግጥ ሳይሆን እንደ አንድ አጠራጣሪ ምስክር መያዝ ነው፤ «ቆጠራው ይህን አለ፣ ግን ይህን ያህል ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል» ብሎ።

አዲስ መረጃም እየቀነሰ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎችን በዓለም ዙሪያ ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ፕሮግራም በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ተቋረጠ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሯል፤ ግን ገና ብዙ ልደት፣ ከዚያም በላይ ብዙ ሞት ሳይመዘገብ ያልፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደር አለ። የቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብም አለ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለምትነሣ የልደቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። ሁሉም ጎዶሎ ነው። ጎዶሎዎችን እያንዳንዱን እንደ ጎዶሎነቱ መመዘን ግን ይህ ዘዴ የተሠራለት ሥራ ነው። ለመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ያንኑ የ2016 ፋይል ለመቶኛ ጊዜ ከሚያስኬድ፣ የአንድ ቀበሌን ማኅደርና የክርስትና መዝገብ ጎን ለጎን ቢያመዛዝን እኔ እመርጣለሁ።

ቆጠራው አንድ ቀን ሲካሄድስ? ቆጣሪ የማይገባባቸው ቦታዎች ይኖራሉ። ቡርኪና ፋሶ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይህ ገጥሟታል። ቆጠራው ተካሄደ፤ ጸጥታ በታወከባቸው አካባቢዎች ግን ቆጣሪዎች መግባት አልቻሉም። ክፍተቱ በቤይዚያን ሞዴል ተሞላ። ከሳተላይት ምስል የተለዩ ቤቶችን ከተቆጠሩት ቦታዎች ጋር አያይዘው፣ በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ገመቱ። ለእኛ ይህን ለመድገም አንድ ችግር አለ። በሳተላይት የሚታይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሰው ይኑርበት ወይ ሸሽቶ ትቶት ይሂድ አይናገርም። ጎንደር ውስጥ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የተፈናቀለ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በተቆጠሩት ቀበሌዎች ውስጥ ባዶ ቤትና የተጨናነቀ ቤት ለየብቻው መመዝገብ አለበት፤ ይህ ደግሞ በቆጠራው መጠይቅ ላይ ከወዲሁ ካልገባ በኋላ በምንም ሶፍትዌር አይገኝም። ውጤቱ ሲታተምም በየወረዳው ረድፍ ላይ የተቆጠረው በአንድ ዓምድ፣ የተገመተው ከነግምቱ ክልል በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።